የይርጉ ጡረታ

ስካይዌይ፣ ሲያትል፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አዲስአለም፣
ደብረ ብርሃን

እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? ከደጅዎ ሰላም አይጥፋ፤ ብርዱም ይለፍልዎት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልቤ ውስጥ የከተቱት ያ ሽቦ እስካሁን አላስቸገረኝም። ዶክተሩ ብቻ "ደረጃ አትሩጪ፣ አትደንግጪ፣ አትናደጂ" ብሎኛል። ደረጃውን ተውኩት። ወንድምዎን አግብቶ አለመናደድ እንዴት እንደሚቻል ግን አልነገረኝም።

እርስዎ ስልክ አይሰሙም፣ ይርጉ ያለበት ጸበል ደግሞ ኔትወርክ የለውም። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እጽፋለሁ፤ ልጄ ቢታንያ ፎቶ እያነሳች ለልጅዎ ለናኦል ትልካለች። እርስዎም እሁድ ስንቅ ሲወስዱለት ያንብቡለት። መልሱን እጠብቃለሁ። ድምፅ ቅጂ የሚሉኝን አልወድም፤ ድምፄን ስሰማ የማላውቃት ሴትዮ ታወራኛለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ማክሰኞ ከይርጉ የድሮ መሥሪያ ቤት ወፍራም ፖስታ መጣ። የመጣው በስሙ ነው። እኔ ካልከፈትኩት ማን ሊከፍተው ነው? ከፈትኩት።

እትዬ ያውቃሉ፣ ወንድምዎ ካፒቶል ሂል ባለው ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት የሰው አንሶላ አጥቧል። ሲቀጠር የነገሩት እንዲህ ነው፦ "ለእያንዳንዱ የሠራህበት ዓመት ትንሽ ትንሽ እየቆጠርንልህ እንሄዳለን። ስልሳ አምስት ሲሞላህ መጨረሻ ላይ የነበረህን ደሞዝ እናይና፣ ከዓመቱ ጋር አባዝተን፣ እስክትሞት በየወሩ እንከፍልሃለን።" ሶ፣ ብዙ የቆየና ደሞዙ ያደገ ሰው ደህና ይጦራል ማለት ነው። ሌላ ሆቴል በሰዓት ሁለት ዶላር ጨምሮ ሲጠራው እምቢ ያለው ለዚህ ነው። እኔ ሂድ ብዬው ነበር። "ጡረታዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ" አለኝ።

ከዚያ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሰበሰቧቸው። ይርጉ ሲመጣ "ምን ነበር ስብሰባው?" ብለው "ዶናት ነበር" አለኝ። ያኔ ፈራሁ። ያለ ነገር ለላውንደሪ ሠራተኛ ዶናት አይገዛም። ለካ "ጡረታውን ፍሪዝ አድርገነዋል" ብለዋቸዋል። እስካሁን የሠራችሁት አይነካም፤ ከእንግዲህ የምትሠሩት ዓመት ግን አይቆጠርም፤ ደሞዛችሁ ቢጨምርም ለጡረታ የሚታየው የዛሬው ነው። ለወደፊቱ ከራሳችሁ ኪስ ፎር ኦ ዋን ኬ የሚሉት፣ አክሲዮን ላይ የሚውል ቁጠባ ውስጥ አስቀምጡ፣ እኛ ትንሽ እንጨምርበታለን፤ ገበያው ከወደቀ ግን እኛን አትጠይቁን። እንግዲህ በኋላ ሱፐርቫይዘር ሆኖ ደሞዙ ሲያድግ ለጡረታው ምን ጠቀመው? ምንም። የድሮዋ ደሞዙ ፍሪዘር ውስጥ እንደተቀመጠች ናት።

አሁን ደግሞ ሌላ ይዘው መጥተዋል። "ስልሳ አምስት እስኪሞላህ አትጠብቅ፣ በየወሩ ከምንከፍልህ ጠቅልለን አንዴ እንስጥህና እንለያይ" ነው የሚሉት። መቶ ሺህ ዶላር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ቀነ ገደቡ የፈረንጆቹ ዲሴምበር አምስት፣ በኛ ኅዳር ሃያ ስድስት ነው። ዝም ካልናቸው በየወሩ የሚለው እንደነበረ ይቀጥላል።

እና እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እንዳይስቁ። እዚህ ሀገር ሚስት ካልፈረመች ባል ጡረታውን ጠቅልሎ መውሰድ አይችልም። ኖተሪ የሚሉት፣ ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው ፊት ቀርባ፣ መታወቂያ አሳይታ ነው የምትፈርመው። በአርባ ዓመት ትዳር ይርጉ እኔን አስፈቅዶ አንድ ነገር አድርጎ ያውቃል? አሁን ያስፈቅደኛል!

ምን እንደሚል ይጠይቁልኝ። እግሩስ እንዴት ሆነለት? ጸበሉ ረዳው?

የእርስዎው ጽጌ


ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ለወንድሜ ባለቤት፣ ለጽጌ፣
ስካይዌይ

በመድኃኔዓለም ስም የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ልጅሽን ቢታንያን፣ የልጅ ልጅሽን ኖላዊትን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።

ደብዳቤሽን እሁድ ጸበሉ ቦታ ወስጄ አነበብኩለት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ስለ ዶናቱ የጻፍሽውን ሲሰማ ሳቀ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ጠቅልሎ መውሰድ ይፈልጋል። በአባታችን ቦታ ላይ አምስት የሚከራዩ ክፍሎች እንሠራለን፤ ከኪራዩ እናንተም እኔም እንጦራለን ብሏል። "ሃያ አራት ዓመት የጠበቅኩት ይበቃኛል፣ በእጄ ልየው" ነው ያለው።

የሚፈርምበትን ገጽ ናኦል አትሞለት ፈርሟል። እሴይ የሚባለው የጎረቤታችን ልጅ ሰኞ ወደ ሲያትል ስለሚመለስ በእጁ ሰጥተነዋል። የቀረው ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው። እህቴ፣ ቀኑ ሳያልፍ እንድትፈርሚ አደራ እልሻለሁ። የግንበኛው ዋጋ በየሳምንቱ ይጨምራል።

እግሩ ትንሽ አብጧል እንጂ ደህና ነው።

አክባሪሽ አዲስአለም


ስካይዌይ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አዲስአለም

እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ቸሩ አምላክ ይጠብቅዎ። ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ፤ ተናድጃለሁ። ለዶክተሩ እንዳይነግሩብኝ።

እሴይ ወረቀቱን አምጥቶልኛል፣ እግዜር ይስጠው። የወንድምዎን ፊርማ አየሁት። በእንግሊዝኛ ፈርሞ፣ አላምን ብሎ ከጎኑ በአማርኛ "ይርጉ" ብሎ ደግሞታል። የሱ ነው፣ አወቅኩት።

አልፈርምም።

አይቆጡኝ፣ ምክንያቴን ይስሙ። እኔ እዚህ ሀገር ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር የሰው ልጅ ቤቴ ውስጥ እየጠበቅኩ ነው የኖርኩት። የታክሲውን ሹፌር ልጅ፣ የነርሷን ልጅ፣ አሁን ደግሞ ኖላዊትን። በእጅ ተቀበልኩ፣ በእጅ አጠፋሁ። ለኔ ጡረታ የቆጠረልኝ ማንም የለም። ያለኝ የይርጉ ነው። በየወሩ ከሆነ ደግሞ ሕጉ እንዲህ ይላል፦ እሱ ቀድሞ ከሞተ፣ አፌን ይቁረጠውና፣ ግማሹ ለኔ ይቀጥላል፣ እኔም እስክሞት። ስልሳ አምስት ሳይሞላው ቢሆን እንኳን። ጠቅልለን ከወሰድነው ግን ይኼ ሁሉ የለም። ያ ገንዘብ ብሎኬት ይሆናል። ብሎኬቱ ደብረ ብርሃን፣ እኔ ስካይዌይ። ተከራዩ አልከፍልም ቢል ከዚህ ሆኜ በር ላንኳኳ ነው?

ይኼ እቁብ አይደለም እትዬ፣ ወጣልህ ተብሎ አንዴ የሚበላ። ለምን ጠቅልለው ለመስጠት እንደቸኮሉ ያስቡት እስቲ። ሰው ብዙ ዓመት እየኖረ አስቸገራቸው! እኛን ዘላለም ከመጦር አንዴ ሰጥቶ መገላገል ይሻላቸዋል። እኔ ደግሞ ላስቸግራቸው ነው የምፈልገው። ዘጠና ዓመት እኖራለሁ፣ በየወሩ እየላኩ ያማርሩኝ።

ለይርጉ እንዲህ ይበሉልኝ፦ "ጽጌ አልፈርምም አለች፤ ከተቆጣህ ኔትወርክ ያለበት ውጣና ራስህ ተቆጣት።" በራሱ አፍ ይንገረኝ። ድምፁን ከሰማሁ ሃያ ቀን ሊሞላኝ ነው።

ጽጌ


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለጽጌ

ሰላመ እግዚአብሔር ከአንቺ ጋር ይሁን። እመቤቴ በምሕረቷ ትጠብቅሽ፣ ታጽናሽ። መልሱ በመዘግየቱ ይቅርታ አድርጊልኝ። አሞኝ ነበር። ናኦልም ሥራ በዝቶበት ነበር።

ይርጉ ጸበሉ ላይ ቆይታውን አራዝሟል። ስለ እሱ አታስቢ።

የልብሽ ነገር እንዴት ነው? መድኃኒትሽን በሰዓቱ ትውጫለሽ ወይ? ሐኪሙ የሚያይሽ መቼ ነው? ቤት ውስጥ ብቻሽን አትደሪ፤ ቢታንያ አጠገብሽ ትሁን። ምግብ አትተዪ።

ሌላው ሁሉ ይደርሳል።

እህትሽ አዲስአለም


ስካይዌይ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አዲስአለም

እትዬ፣ እግዜር ይማርዎ፣ ምነው አመመዎት? ጋቢ ይደርቡ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሽቦውም ደህና ነው። ማክሰኞ ዶክተሩ አይቶኝ "ቬሪ ጉድ" ብሎኛል። ለሁላችሁም ይኼን ልንገራችሁና እረፉ፤ ሰዉ ሁሉ ልቤን መጠየቅ ጀምሯል።

ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። ስለ ግንበኛው የለም። ስለ ክፍሎቹ የለም። ፈርሚም አትፈርሚም የለም። የጻፍኩትን ነግረውታል? ነግረውት ተቆጥቶ ነው? ይርጉን አውቀዋለሁ፣ ሲያኮርፍ እንደ ድንጋይ ነው። አንዴ ቴሌቪዥን ሸጥኩበት ብሎ ፋሲካን ሳያናግረኝ አሳልፏል። ለናኦል ስንት ጊዜ ኮል አደረኩ፤ "ሥራ ላይ ነኝ እትዬ፣ እደውላለሁ" ይላል፣ አይደውልም። ድሮ እኮ ገና ሳይጠራ ነበር የሚያነሳው።

ወሬውም እዚህ ደርሷል መሰለኝ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሴቶቹ ሲያወሩ ነበር፤ እኔ ስደርስ ጸጥ። ምነው፣ ሸተትኩ? አንዷ፣ ከዚህ በፊት ሰላምታዋን በአገጯ የምትሰጠኝ፣ አቅፋ አራቴ ሳመችኝ። የንስሐ አባቴ "ቁርስ በልተሻል?" አሉኝ፤ በቅዳሴ ቀን! አንዷ ደግሞ ቤቴ ድረስ ምስር ይዛ መጣች። "ምንድን ነው?" ብላት "እንዲሁ" አለችኝ። እንዲሁ ምስር አለ እንዴ? ገባኝ። "ጽጌ ባሏን ጡረታውን ከለከለችው" ተብሏል። አዝነውልኝ ነው ወይስ ታዝበውኝ?

ቢታንያም ጸባይዋ ተለውጧል። ከሌክ ሲቲ በዚያ ሁሉ ትራፊክ በየቀኑ ትመጣለች፤ እኔ ጋ ታድራለች። ስልኬን "ፌስቡኩ ተበላሽቷል፣ ላሠራው" ብላ ወስዳ ያለ ፌስቡክ መለሰችልኝ። ኖላዊትን "አያትሽ መቼ ነው የሚመጣው?" ብላት "አስክ ማም"፣ እናቴን ጠይቂ፣ ብላ ክፍሏ ሮጠች። ልጅ እንኳን አኮረፈችኝ!

ስለዚህ አሰብኩበት፣ እትዬ። ለካ ገንዘብ ሰው አይሆንም። እሱ አንሶላ ያጠበበት ነው፣ በእጄ ልየው ካለ ይየው። እኔ ቢታንያ አለችልኝ፤ ደግሞም እነዚያ ክፍሎች ሲያልቁ ምናልባት መጥቼ እኔም አንዷን እይዝ ይሆናል። ልፈርም ነው። ሐሙስ የኖተሪ ቀጠሮ አለኝ። ቢታንያን አድርሺኝ ብላት "ኖት ዚስ ዊክ፣ በዚህ ሳምንት አይሆንም እማዬ" አለችኝ፤ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።

ይንገሩት። "ጽጌ ፈርማለች፣ አሁን ውጣና ደውልላት" ይበሉት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?

ጽጌ


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጽጌዬ

አትፈርሚ።

በእመቤቴ ማርያም ይዤሻለሁ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ስምሽን አታስፍሪ። ሐሙስም የትም አትሂጂ። ክፍሎቹ ይቅሩ፣ እኔ ምንም አልፈልግም። ያ የወር የወሩ ያንቺ ነው።

ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ቢታንያን ጠብቂ።

አዲስአለም


ስካይዌይ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አዲስአለም፣ ለይርጉ እህት

እትዬ፣ እንዴት ነዎት? እግዚአብሔር ያበርታዎ።

ይኼን ደብዳቤ ቢታንያ ፎቶ አታነሳውም። እሴይ በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ እናንተ ስለሚመለስ በእጁ እሰጠዋለሁ፤ ፖስታውን አሽጌዋለሁ። እስኪደርስዎ ሁሉም ነገር ተደርጎ ያልቃል።

"አትፈርሚ" ሲሉኝ በመጀመሪያ ተናደድኩ። አደራ ፈርሚ ብለው፣ እሺ ስል አትፈርሚ! እህትና ወንድም ተጣሉ አልኩ። ክፍሎቹን ለማን ይጻፍ ተባብለው ይሆናል አልኩ። ብቻ ከእናንተ አፍ ነገር እንደማላገኝ ሲገባኝ፣ ትናንት ቢታንያ ኖላዊትን ልታመጣ ስትወጣ ለጡረታው ቢሮ ኮል አደረኩ። የደወልኩት ስለ ቀኑ ልጠይቅ ነው፤ ትንሽ ያራዝሙልን እንደሆነ።

"አማርኛ" አልኳቸው፤ አስተርጓሚ አገናኙኝ። የኛ ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ማር የመሰለ። "እንደምን ዋሉ እማማ" አለችኝ። "ደህና ነኝ ልጄ፣ ከየት ነሽ?" አልኳት። "እማማ፣ እንደዚህ ማውራት አይፈቀድልንም" ብላ ሳቀች። የቢሮዋ ሴት የይርጉን ስም፣ የልደቱን ቀን፣ የኔን ስም ጠየቀች፤ ሰጠሁ። ኮምፒውተሯን ስትነካካ ይሰማኛል። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረች። ከእንግሊዝኛው የያዝኳት ሁለት ቃል ብቻ ናት፤ "ዶተር" አለች፣ ልጅ ማለት ነው፣ "ሶሪ" አለች። ቢታንያ ቀድማ ደውላላቸው ኖሯል።

አስተርጓሚዋ ዝም አለች።

"ሄሎ? ልጄ፣ ተቋረጠ?" አልኩ።

"አልተቋረጠም፣ እማማ።"

"ታዲያ ምን አለች?"

ኋላ፣ እትዬ፣ ያ የማር ድምፅ ጠፍቶ፣ "እማማ፣ አጠገብዎ ሰው አለ?" አለችኝ።

"ሰው ለምን? የጠየቅኩት ጡረታ ነው።"

"ልጅዎ መቼ ነው የምትመለሰው?"

የቢሮዋ ሴት በእንግሊዝኛ ትጠይቃታለች፣ ለምን አልተረጎምሽም ነው መሰለኝ። ልጅቷ መለሰችላት። ከዚያ ለኔ፣ "እማማ፣ ሥራዬ የተባለውን ሁሉ መተርጎም ነው። ይኼን ግን እኔ በስልክ አልነግርዎትም። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለችኝ።

እዚያ ላይ ሁሉም ነገር መጣልኝ። ምስሩ። አራት ጊዜ መሳሙ። "ቁርስ በልተሻል።" ፌስቡኩ። የርስዎ "ታጽናሽ"። እኔ ኩርፊያ ነው ብዬ! ይርጉ አኩርፎኝ ነው ብዬ ነበር እኮ፣ እትዬ። አኩርፎኝ በሆነ። እድሜ ልኩን ባኮረፈኝ።

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። "ግድ የለም ልጄ፣ እሱን ተዪው። ጡረታውን ብቻ ተርጉሚልኝ" አልኳት።

ተረጎመችልኝ። በእንባ ነው የተረጎመችው። ጠቅልሎ መክፈሉ ቀርቷል፤ እሱ ቢፈርምም እኔ ስላልፈረምኩና ቀኑም ስላልደረሰ አይጸናም። ግማሹ በየወሩ ለኔ ይከፈላል፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ። "እግዜር ይባርክሽ፣ ለእናትሽ ያኑርሽ" ብያት ዘጋሁት።

መቼ እንደሆነ አልጠየቅኩም። መልሱ ያን ያህል ሲዘገይ እንደሆነ አውቃለሁ። ያመመዎት ያኔ ነው። እርስዎ ቀብረው፣ ለቅሶ ተቀምጠው፣ ከዚያ ወረቀት ይዘው "መድኃኒትሽን ውጪ" ብለው ጻፉልኝ። እጅዎ እንዴት ታዘዘልዎት? እኔ ደግሞ ስለ ብሎኬት እጨቀጭቅዎታለሁ። ዶክተሩ እስኪያየኝ ብላችሁ፣ ልቤን ፈርታችሁ እንደሸሸጋችሁኝ ገብቶኛል። አልተቀየምኩም። እኔም ብሆን በደብዳቤ አልነግርዎትም ነበር። ይኼ ሰው ሄዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ እጅ ይዞ የሚነገር ነው። የልብስ ማጠቢያ ቤት ጡረታ ክፍል የሚያረዳው ነገር አይደለም።

ለቢታንያ አልነገርኳትም። ስትመጣ ራት ሠርቼ ጠበቅኳት። በላን፣ ኖላዊት እንኳን ሁለቴ ጨምራ በላች። ያቺን ልጄን ሳያት አሳዘነችኝ፤ አባቷ ሞቶባት ፊቴ ሳታለቅስ ሦስት ሳምንት ስትነዳ የከረመች። መኪናዋ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ ታጣፊ ወንበሮች አሉ፤ ብርድ ልብስ አልብሳቸዋለች፣ እግራቸው ግን ወጥቶ ይታያል። ዛሬ ደግሞ "እማዬ፣ ነገ ጠዋት የትም እንዳትሄጂ" አለችኝ። "የት እሄዳለሁ?" አልኳት።

ነገ ሳይነጋ ይመጣሉ። የንስሐ አባቴ ይመጣሉ፣ እነዚያ ሴቶች ይመጣሉ፣ ያቺ የአገጯም ትመጣለች። እኔም እንዳልሰማ ሰው ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ልቤን ለመጠበቅ ሲሉ ስንት ለፍተዋል፣ ድካማቸውን አላበላሽም። ሲነግሩኝ ያኔ እጮሃለሁ፤ እስካሁን ይዤዋለሁ። ኪኒኔን ውጫለሁ፣ አይስጉ።

ወረቀቱን ለቢሮው አልመልስም። የሱ ስም ሁለቴ አለበት፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም፤ የኔ መስመር ባዶ ነው። እንደዚያው ይቀመጥ።

እትዬዬ፣ ይኼ ሲደርስዎ እርስዎም ከኔ መደበቅዎን ይተዉና ያልቅሱ። እኔም እዚህ አለቅሳለሁ። ወንድምዎ ነበር፣ ባሌ ነበር። ደረጃውን ሲወጡ ጎረቤት እንዳይረበሽ፣ እንዳያንኳኩም ብዬ፣ በሩን ሳልቆልፍ ነው የማድረው።

ጽጌ